የጋሽ ኢድሪስ አንገት

ስልኩ ሲጠራ የአንዲት ሴትዮ ጉልበት በእጄ ላይ ነበር። የጋሽ ኢድሪስን ሚስት፣ የሐሊማን ስም ሳይ ደነገጥኩ። ሐሊማ ስልክ አትደውልም። የምትፈልገው ነገር ካለ ሰው ትልካለች፣ ካልሆነም ባጃጅ ይዛ ራሷ ትመጣለች። አነሳሁት።

"ትዕግሥት፣ ጋሽሽ ሄደ" አለችኝ። "ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው። ከዙሁር በፊት ይቀብሩታል።"

ሌላ ነገር አልጨመረችም፣ እኔም ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ስልኩን ኪሴ ከትቼ የሴትዮዋን ጉልበት ማጠፍና መዘርጋት ቀጠልኩ። ስንት ላይ እንደነበርኩ ስለጠፋብኝ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

"ልጄ፣ ደህና ነሽ?" አሉኝ።

"ደህና ነኝ እናቴ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሞቶ ነው።"

"የሥራ ባልደረባዬ" አልኩ። ሌላ የሚስማማ ቃል አልመጣልኝም። ኢድሪስ አለቃዬ ነበር፣ አስተማሪዬ ነበር፣ በመጨረሻ ደግሞ በሽተኛዬ ሆነ። ከሦስቱ የቱን ብዬ እንደምጠራው አሁንም አላውቅም።

ድሬዳዋ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን፣ አዲስ ተመራቂ ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ነው። የተመደብኩበት ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ሁለት አልጋ፣ ግድግዳ ላይ የተተከለ የእንጨት መሰላል፣ አንድ ፔዳሉ የተሰበረ ብስክሌትና ኢድሪስ ነበሩባት። ያኔ ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። ጠዋት ከመጋላ ገበያ በኩል ሲመጣ ጭንቅላቱ ከሰው ሁሉ በላይ ከሩቅ ይታይ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን "እርስዎ" አልኩት። ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ወንበር አየና፣ "አቦ፣ እርስዎ ማነው? እዚህ ያለሁት እኔ አንድ ሰው ነኝ" አለኝ። ድሬ ትልቅ ትንሹን "አንተ" እንደሚል ገና አልለመድኩም። "ጋሽ" የምትለዋን ግን እንዳልተው ተስማማን። አንተ ጋሽ ኢድሪስ እያልኩት አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠራሁ።

በትምህርት ቤት የጡንቻና የአጥንት ስም ሁሉ ተምሬ ነው የመጣሁት። ሰው መንካት ያስተማረኝ ግን እሱ ነው። "እጅሽን አሙቂ" ይለኛል፣ በዚያ ሙቀት። "ሰው ሲፈራ ቀዝቃዛ እጅ ይሰማዋል።" ከበሽተኛ ጋር ሲሠራ በሱማሌኛ ነበር የሚቆጥረው፤ ኮው፣ ለባ፣ ሰደህ። በሽተኛው ኦሮሞም ይሁን አማራ፣ ሐረሪም ይሁን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አብሮት በሱማሌኛ ይቆጥራል። ኢድሪስን እናቱ በዚህ ቋንቋ ነበር መቁጠር ያስተማረችው፣ ሌላውን የተማረው ከመንገድ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን እየከበደኝ ነው የለመድኩት። ኢድሪስ ለበሽተኛ "ይሻልሃል" አይልም። የሚሻለው ከሆነ "ሥራ፣ ታየዋለህ" ይላል። የማይሻለው ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ይነግረዋል።

ስሚንቶ መጋዘን ውስጥ ጭነት የሚያወርድ ጀማል የሚባል ሰው ነበር። ብረት እግሩ ላይ ወድቆ ነርቩን በጥሶታል። አምስት ወር ሙሉ ሁሉም ሰው "ይመለሳል" ሲለው ከርሟል። ኢድሪስ እግሩን ዳሰሰ፣ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገና ከፊቱ ተቀመጠ።

"ጀማል፣ ይሄ እግር ከቁርጭምጭሚቱ በታች አይመለስም። አትጠብቀው።"

ጀማል በሦስት ቋንቋ ሰደበው። ኢድሪስ እስኪጨርስ ጠበቀው።

"ጨረስክ? በል ተነሥ። ድጋፍ እንሠራልሃለን፣ በሌላኛው እንዴት እንደምትሄድ እናያለን።"

እኔ ተናድጄ ነበር። ሰውየው ከወጣ በኋላ፣ "ትንሽ ተስፋ ብንሰጠው ምን ይጎዳል?" አልኩት።

"ስትሰጪው ቤቱ ቁጭ ብሎ እግሩን ይጠብቃል" አለኝ። "እግሩ አይመጣም። ስንት ዓመት ይጠብቅ?"

ጀማል በአራተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። አሁን እዚያው መጋዘን ውስጥ ዘበኛ ነው፤ ያንን ድጋፍ አድርጎ ቆሞ ይውላል።

በሽታውን መጀመሪያ ያየሁት ደቻቱ ድልድይ ላይ ነው። ከሥራ ወጥተን አብረን ስንሻገር ግራ እጁ እንደ ልማዱ ሲወዛወዝ ቀኙ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። አየሁና ዓይኔን ዞር አደረግኩ። ከታች ደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ፍየሎች ነበሩ፤ እነሱን ያየሁ መሰልኩ።

"አይተሻል አይደል?" አለኝ ድልድዩን ሳንጨርስ።

"ምኑን?"

"አቦ፣ አታስመስዪ። እኔ ካወቅኩት ስምንት ወር ሆኖኛል።"

አዲስ አበባ ሄዶ የነርቭ ሐኪም አየው። ፓርኪንሰን ነው። ክኒን ጀመረ፣ ክኒኑም ረዳው። አራት ዓመት ያህል እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ሠራ። እጁ አልታዘዝ ሲለው አልጋው ላይ ያሳርፈውና በአፍ ያዝዘኛል፤ እኔ እሠራለሁ። ጡረታ ሲወጣ እኔም ሆስፒታሉን ለቅቄ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ክሊኒክ ከፈትኩ። ያን ጊዜ መጥፎ አልነበረም ብል ይሻላል።

ከዚያ አንገቱ መጣ።

የጀመረው ከሰዓት ከሰዓት ነው። ጠዋት ደህና ሆኖ ይውልና ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ጭንቅላቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። በእጁ አገጩን ይዞ ያነሳዋል፣ ሲለቀው ይወድቃል። በሁለት ወር ውስጥ ጠዋቱም ከሰዓቱም አንድ ሆነ። አገጩ ደረቱ ላይ ተቀመጠ። ያ ረጅም ሰው ሲሄድ የሚያየው የጫማውን ጫፍ ብቻ ሆነ። መኪና ከየት እንደሚመጣ አያይም። የሚያናግረውን ሰው የሚያውቀው በድምፁና በጫማው ነው።

"የሸሚዜን ሁለተኛ ቁልፍ እንዲህ አድርጌ አይቼው አላውቅም" አለኝ ቤቱ ስሄድ። "አራት ቀዳዳ አለው።"

ማክሰኞና ቅዳሜ መጋላ ያለው ቤቱ እየሄድኩ አሠራው ጀመር። ሐሊማ መጀመሪያ የነገረችኝ "ስታናግሪው መሬት ተቀመጪ" ብላ ነው። እሷ ራሷ ምንጣፍ ላይ፣ እግሩ ሥር ትቀመጣለች። ፊቷን የሚያየው እንዲያ ስትሆን ብቻ ነው። ሰላሳ አንድ ዓመት አብራው ወንበር ላይ ተቀምጣ የኖረች ሴት፣ ሻይ ስትሰጠው፣ ስታማክረው፣ ስትቆጣውም ከታች ሆና ነው።

የሚደረገው ሁሉ ተደርጓል። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም አንዱን መድኃኒት ቀንሶ አየ፣ ሌላውን ጨምሮ አየ። አንዳንድ ሰው ላይ መድኃኒት ሲቀየር አንገቱ ቀና ይላል፤ የሱ አላለም። ሌላ የጡንቻ በሽታ እንዳይሆን ደሙ ተመረመረ፣ ምንም አልተገኘም። የፊተኛውን ጡንቻ የሚያላላ መርፌም ነበረ፤ የኢድሪስ ችግር ግን የፊተኛው መጠንከር ሳይሆን የኋለኛው መድከም ነው። መርፌው የሚያመጣለት ነገር ቢኖር መዋጥ መከልከል ነው። ይሄን ሁሉ ሐኪሙ ከመናገሩ በፊት ኢድሪስ ራሱ ነግሮኛል።

ደረቅ የአንገት ድጋፍ አስመጣንለት። በሰኔ ሙቀት አገጩ ሥር ያለው ቆዳ በአምስት ቀን ተላጠ። አፉን መክፈት ስለማይችል ማኘክም አቃተው። ሐሊማ አውልቃ አልጋ ሥር ወረወረችው።

ከዚያ የባጃጅ ወንበር የሚሰፋ አብዲ የሚባል ሰው አገኘሁ። ሱቁ ገበያው ውስጥ ነው። የአንገቱን ልክ በወረቀት ስዬ ወሰድኩለት። ስፖንጅ፣ ለስላሳ ቆዳ፣ ከኋላ ሁለት ማሰሪያ ኖሮት ወደ ወገብ ቀበቶ የሚወርድ፣ ግንባርን በሰፊ ጨርቅ ወደ ኋላ የሚስብ ነገር እንዲሰፋልኝ ነገርኩት። አብዲ ሦስት ጊዜ ሰፍቶ ሦስት ጊዜ ፈታው። በአራተኛው ራሱ ይዞት መጣና ኢድሪስን አሰረው።

ጭንቅላቱ ተነሣ።

ሐሊማ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች ነበር። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፣ በሩን አየ፣ አብዲን አየውና "አንተ ነህ እንዴ? በድምፅህ ወፍራም ሰው መስለኸኝ ነበር" አለው። ሐሊማ እየሳቀች ተነሥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ከአናቷ እስከ እግሯ አያት። እኔ ማሰሪያው ላልቶ እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላው ዞርኩ።

ያን ቀን ባጃጅ ይዘን ከዚራ ወጣን። ዛፎቹ ሥር ቀስ ብሎ ሄደ። ሰባት ወር ሙሉ ያላየውን ሰማይና ቅጠል፣ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ሲያይ ዋለ። የሚያውቀው ሰው ሁሉ ያስቆመዋል። "ኢድሪስ! ድነሃል እኮ!" ይሉታል።

"አልዳንኩም" ይላቸዋል። "ታስሬ ነው።"

አንድ ሰዓት ሙሉ ሄደ። እኔ በልቤ ይሄን ነገር ለስንት ሰው እንደምሠራ አስብ ነበር። ለአብዲም ሌላ ቆዳ እንዲያዘጋጅ ነግሬው ሁሉ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ጭንቅላቱ ወደ ኋላ እንደተሳበ ሻይ ሲጠጣ ትን አለው። ሳሉ አላቆም አለ፣ ፊቱ ጠቆረ። ሐሊማ ማሰሪያውን በቢላ ቆረጠችው። እኔ ስደርስ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ተመልሶ ወርዶ፣ ከአፉ ምራቅ እየወረደ፣ ይተነፍስ ነበር።

"ሲበላ እንፈታለታለን" አልኩ። "ለእግር ጉዞ ብቻ እናስረው።"

"ምራቄንስ?" አለኝ ወደ ታች እያየ። "እሱንም ስውጥ ልትፈቺልኝ ነው?"

የተቆረጠውን ማሰሪያ ከወለሉ አነሳሁ። ጉሮሮው ከአንገቱ ጋር እየደከመ ነበር፤ እሱ ቀድሞኝ አውቆታል።

የቀረን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። በደረቱ አስተኛዋለሁ፣ ጭንቅላቱ ከአልጋው ጫፍ ይወጣል፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ከአልጋው እኩል አንስቶ ይይዘዋል፣ እኔ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ላይ እስከ ዘጠኝ ያዘ። ከወር በኋላ ስድስት። ከዚያ አራት። በደብተር እጽፈዋለሁ። አራት ላይ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ሦስት ሆነ። ሦስትን መጻፍ አቃተኝ። አቆጣጠሬን አፈጠንኩት።

"ኮው፣ ለባ፣ ሰደህ፣ አፈር፣ ሸን" አልኩ። "አምስት! ጨምረሃል ጋሽ።"

ጭንቅላቱን መልሶ አንጠለጠለው። ከዚያ ወለሉን እያየ፣ "ሰዓትሽ ይሮጣል" አለኝ።

"አይሮጥም።"

"ትዕግሥት። ሰላሳ ዓመት ቆጥሬያለሁ። የሸንን ርዝመት አላውቅም?"

አልቅሼ ነበር መሰለኝ፤ እሱ እንዳያየኝ መፍራት አላስፈለገኝም። ገልብጬ አስቀመጥኩት፣ ትራሶቹን ከኋላው ደረደርኩ። "እኔም አድርጌዋለሁ" አለ።

"አንተ?"

"ለእናቴ። ግማሽ አካሏ የሞተ ጊዜ። ጣቷን ልታነሳ ትሞክራለች፣ አትነሣም፤ እኔ በጣቴ ከሥር እየገፋሁ 'ተነሣች እማ፣ አየሻት?' እላታለሁ።" የራሱን ጣቶች እያየ፣ "ደስ ብሏት ነው የሞተችው" አለ። "እኔ ግን ደስ አላለኝም።"

እስከዚያ ቀን ድረስ ኢድሪስ እውነት መናገር የማይከብደው ሰው ይመስለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ያሉ ጓደኞቹ ነበሩ የቀሩት። ጎረቤት ቤት መጅሊሱ ላይ፣ የወለሉ መቀመጫ ላይ፣ ትራስ ተደግፈው ጫት እየቃሙ፣ እሱ ሻዩን ይዞ፣ ሲያወሩ ይውላሉ። ወደ ኋላ ጋለል ሲል ጭንቅላቱ ትራሱ ላይ ስለሚያርፍ ፊታቸውን ያያል። ይህችን ሰዓት ቀኑን ሙሉ ይጠብቃት ነበር። በኋላ አንገቱ በዚያው እንዳጎነበሰ ደረቀ። አልጋ ላይ በጀርባው ሲተኛ እንኳ ጭንቅላቱ ትራሱን ሳይነካ ተንሳፍፎ ይቀር ጀመር። መጅሊሱ ላይ ጋለል ቢልም የሚያየው የራሱን ጉልበት ሆነ። ጓደኞቹ ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ መሬት ወርደው ፊቱን ማየት አልቻሉም፣ ወይም አፈሩ። ለአናቱ ማውራት ጀመሩ። አንድ ቀን መሄዱን ተወ።

ከዚያ በኋላ ባለው ማክሰኞ ደብተሬን ሳወጣ፣ "ተይው" አለኝ።

"ለምን?"

"ጡንቻው አልቋል። ታውቂዋለሽ። በሽተኛው እኔ ባልሆን ኖሮ ከሦስት ወር በፊት ታቆሚው ነበር።"

ሐሊማ ከምንጣፉ ላይ ሆና ሰማችው። "ቢያንስ እንዳይብስ ትሥራው" አለች። "ምን ይጎዳል?"

"ያደክመኛል ሐሊማ። ደክሞኛል።" ከዚያ ወደኔ፣ "ከአሁን በኋላ ለሥራ አትምጪ። ለወሬ ነይ።"

"እመጣለሁ" አልኩት።

ሁለት ጊዜ ሄድኩ። መጀመሪያው ቀን ሐሊማ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከኢድሪስ ጋር ስሆን እጄ ሥራ አጥቶ አያውቅም። ድምፁ በጣም አንሷል፤ የሚለውን ግማሹን አልሰማውም፣ ደግሞ ድገመው ማለት አፍራለሁ። ስለ አብዲ ጠየቀኝ፣ ስለ ክሊኒኩ ጠየቀኝ። ሐሊማ በየደቂቃው አገጩን ትጠርጋለች። በሁለተኛው ቀን ስደርስ ተኝቷል፤ አልቀሰቅሰውም ብዬ ቶሎ ወጣሁ። ስወጣ የቀለለኝን መቅለል አልረሳውም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ዝናብ ነበር፣ ደቻቱ ሞልቶ መጥቶ ሰዉ ድልድዩ ላይ ቆሞ ያያል። ዛሬስ አልሻገርም አልኩ። ውኃው በማግሥቱ ጎደለ። እኔ ግን ቅዳሜም አልሄድኩም። የሚመጣው ሳምንት አልኩ። ስድስት ሳምንት እንዲህ ሆነ።

ከዚያ ሐሊማ ደወለች።

ቀብሩ ላይ ሴት አትሄድም፤ ቤቱ የሄድኩት ከሰዓት ነው። ወንዶቹ በር ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጀማልም እግሩን ዘርግቶ እዚያ አለ። ሴቶቹ ውስጥ ናቸው። ሐሊማ ስታየኝ ከጎኗ ቦታ አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። እጇን ያዝኩ።

"ብዙ ተሠቃየ?"

"ሳል ነው የወሰደው። የሚበላው ሁሉ ወደ ሳንባው እየገባ... አራት ቀን።" ጥግ ላይ ያሉት ሴቶች ቁርዓን የሚቀራውን ድምፅ እያዳመጡ ነበር።

"ባጃጅ በር ላይ በቆመ ቁጥር ይጠይቀኝ ነበር" አለች። "አንገቱ ወደ በሩ አይዞርም አይደል። 'እሷ ናት?' ይለኛል። ወጥቼ አያለሁ። 'አይደለችም' እለዋለሁ።"

አንዲት ለቀስተኛ ገባች። ሐሊማ ለሷ ቦታ ለመስጠት ወደኔ ጠጋ አለች። ትከሻችን ተነካካ።

"ሥራ በዝቶብኝ ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች ሐሊማ። "እሱም ሁልጊዜ እንደዛ ነበር የሚለኝ። 'ሥራ በዝቶባት ነው፣ አትቀየሚያት' ይለኛል።"